ሐረጎ ላይ የፈነዳው ሚጥሚጣ

ካገባሁ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ ጓሯችን የደረሰውን ሚጥሚጣ አድርቃ፣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር አስፈጭታ በፌስታል ቋጠረችልኝ።

«ለአማትሽ ውሰጂላቸው። ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ አሉ» አለችኝ።

አማቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው የሚኖሩት። ብቻዬን ልጠይቃቸው ስሄድ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ለሠርጌ እንኳን እንደዚያ አልተኳኳልኩም።

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ጉም ወረደብን። ሰው ሁሉ በርዶት መስኮቱን ዘጋ። አንዱ ኩርባ ላይ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሸበቶ ሐጂ ጭኔ ላይ ባለው ፌስታል ላይ በክርናቸው ወደቁበት። ቷ! ብሎ ፈነዳ።

መጀመሪያ ሐጂ አስነጠሱ። «ይማርዎ» ልላቸው አፌን ስከፍት እኔ አስነጠስኩ። ከፊታችን የነበሩት ቄስ «ይማርሽ» ሊሉኝ ዞር ሲሉ እሳቸውንም ያዛቸው። ከዚያ ማን ማንን ይማር ይበል! ሹፌሩ እንባው እየወረደ መኪናውን ዳር አስያዘና ሁላችንም ተንጋግተን ወረድን። «ማነው ይሄን ያመጣው?» ብሎ ተቆጣ ሹፌሩ።

«እኔ ነኝ፤ ሚጥሚጣ ነው» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቄሱ የሐጂን ጢም አዩና «ሐጂ፣ ሂናውን መቼ ተቀቡት?» አሏቸው።

«ወላሂ መምሬ፣ የእርስዎም ጥምጥም ተቀብቷል!»

መንገድ ዳር የቆምነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን። እያስነጠስን እንስቃለን፣ እየሳቅን እናስነጥሳለን። እዚያው ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት ነበረችና ከፌስታሉ የተረፈውን እያጠቀስን በላን። ሲቆጣ የነበረው ሹፌር አምስት ድንች ጨርሶ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ «ትንሽ ጨምሪልኝ» አለኝ።

አማቴ በር ሲከፍቱ ዓይኔ አብጧል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል፣ ቀሚሴ ቀይ ሆኗል።

«ውይ በሞትኩት! ልጄ ነው ያስለቀሰሽ?»

«ኧረ እማማ፣ ሚጥሚጣ ነው!»

ማን ይሰማኛል? ስልካቸውን አንሥተው ባሌን «አንተ! የሰው ልጅ ምን አድርገሃት ነው?» ብለው ጀመሩ። እኔ ላስረዳቸው ቀሚሴን ሳራግፍ እሳቸውም ስልኩ ውስጥ አስነጠሱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ገባቸውና እየሳቁ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ተከትያቸው ቁጭ አልኩ።

ባሌ በስልኩ ውስጥ «እማ፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል። «ሚጥሚጣ ነው» ልንለው አፋችንን ስንከፍት ሁለታችንም አስነጠስን።