የደርበው ቋጠሮ

ወለተ ሐና የሰው ቋጠሮ ፈትታ አታውቅም ነበር። ላሊበላ ውስጥ ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ ቢባል፣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ከክቡ የድንጋይ ቤቷ ላይኛው ደርብ ላይ እህል የማይገባበት ጎታ ነበራት። ያገሩ ገንዘብ እዚያ ይተኛል። ኮን ገበያ በሬ የሸጠ፣ ለልጁ ሠርግ የሚያጠራቅም፣ ከባሏ ደብቃ ጥቂት ያኖረች፣ ሁሉም በየጨርቁ ቋጥሮ ያመጣላታል። "አደራሽን" ይሏታል። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብላ ትቀበላለች። ስንት እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ሊወስድ የመጣ ሰው ቋጠሮውን ያገላብጣል፤ የገዛ እጁ ያሰረው መሆኑን ካየ በኋላ መርቋት ይሄዳል። ዋጋዋ አንድ ቁና ገብስ ወይም ቁራጭ አሞሌ ጨው ነው። ትልቁ ዋጋዋ ግን ሌላ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ጎምቱ ጎምቱው ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይልላታል።

ቅናት ገና ከልጅነቷ የተጣባት ነገር ነው። አባቷ መሪጌታ ነበሩ። የሰውን ልጅ ሁሉ ሰብስበው ዜማ ሲያስተምሩ እሷን ውኃ ቅጂ ይሏታል። እንስራዋን አዝላ በተማሪዎቹ መሀል ስታልፍ ቃሉን እንደነሱ ታውቀው ነበር፤ ግን ማንም "በይ" አላላትም። ባሏ ልጅ ሳይወልዱ ሞተ። ቀጥሎ የመጣላት ነገር ያ ጎታ ነው። በሱ ላይ ማንም አልቀደማትም፣ ማንም አልተጋፋትም።

በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ገበያ መሀል ጥሩንባ ተነፋ። የንጉሡ መልክ ያለበት የወረቀት ብር ሁሉ ይሰበሰባል፤ በአዲስ ይለወጣል፤ በሦስት ወር ውስጥ ያልተለወጠ የሞተ ነው ተባለ። ለዚሁ ሥራ ከባንክ የተላኩ ሰዎች ወረዳው ግቢ ውስጥ መስኮት ከፍተዋል።

በማግስቱ የወለተ ሐና ደጅ ጠበበ። ባንድ ቀን ሁሉም መጡ። መሰላሉን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። የሁሉንም ሰጠች፤ የጎደለ፣ የተሳሳተ፣ የላላ የለም። ወትሮ ቆም ብለው ይመርቋት የነበሩት ዛሬ ቋጠሯቸውን መንጭቀው ወደ ሰልፉ ሮጡ። አመሻሹ ላይ ጎታው ውስጥ አንድ ቋጠሮ ብቻ ቀረ፤ የደርበው።

ደርበው በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ይወርዳል፣ በጥር ይመለሳል፣ ያገኘውን አምጥቶ ባለፈው ላይ ይጨምራል። ዘንድሮም ወርዷል፤ በሬ ሊገዛ ነው። ጨርቁ ከሟች ሚስቱ ቀሚስ የተቀደደ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ አለበት። ወለተ ሐና ከቋጠሮው ሁሉ ያንን ከላይ ታስቀምጣለች፤ ጥልፉን ግን ወደ ታች ትገለብጠዋለች። ለምን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ወረዳው ወጥታ ከሰልፉ ትይዩ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠች። የቤተ ማርያሙ መምሬ ወልደ ኪዳን ከሰልፉ ሆነው አዩዋት።

"ወለተ ሐና፣ አንቺም ልትለውጪ ነው?"

"እኔ ምን ብር አለኝና መምሬ። ፀሐይ ልሞቅ ነው።"

"ፀሐይ ባንቺ ደጅ አልወጣም ዛሬ?"

ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው የጠላ ሻጯ የሸጌ ልጅ፣ አገሬ ናት። ደሴ ተምራ፣ ከባንክ ገብታ፣ ይኸው እጇ ላይ ሰዓት አስራ መጥታለች። ሰው በተራ ወደ መስኮቱ ያጎነብሳል፤ ጀርባው ይጋርዳል፤ ከዚያ የተፈታው ጨርቅ ባዶውን እየተርገበገበ ይወጣል። ሃያ ዓመት ያልነካችውን ቋጠሮ ሁሉ ያቺ ልጅ እየፈታች እንደሆነ ወለተ ሐና ታያት። "ቋጠሮ ፈቺ" ብላ በልቧ ስም አወጣችላት።

ቀትር ላይ አገሬ እግሯን ልታፍታታ ወጣች። መምሬ ያዟት።

"ልጄ፣ ይህ ብር ምን በድሎ ነው የሚሞተው?"

"ብሩ አልበደለም አባቴ። ወረቀት ለብቻው ምንም አይደለም፤ ብር የሚያደርገው ያወጣው ባንክ ቃል ነው። ባንክ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ብር የሚያወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ። የባንኮች ባንክ ይበሉት።"

"አንዱ ብቻ ከሆነማ የልቡን ያህል ያውጣዋ፤ ለኛም ይድረሰን።"

"ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ገብስ ያው እንዳምናው ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እጥፍ ብር ይዞ ቢወርድ ምን ይሆናል አባቴ?"

መምሬ አሰቡ። "ገብሱ ይኮራላ።"

ሰልፉ ሳቀ። አገሬም ሳቀች። "ይኮራል። ለዚህ ነው ትልቁ ባንክ በሰው እጅ ያለውን ብር ልክ ማወቅ ያለበት። በየጎታው የተኛውን ግን ማን ያውቃል? አሁን ሲወጣ ይታወቃል።"

ጎታ ሲባል የሰው ፊት ሁሉ ወደ ካቡ ዞረ፤ ወይም ወለተ ሐና የዞረ መሰላት።

"በጎታ የተኛ ብር ማንን ነከሰ?" አለች ከተቀመጠችበት።

"ማንንም እትዬ። ማንንም ግን አልጠቀመም" አለች አገሬ፣ በአክብሮት። "ባንክ ቢገባ ለሌላው በብድር ይሰጣል፤ በሬ ይገዛበታል፤ ከነወለዱ ይመለሳል። ያስቀመጠው ሰው በጠየቀ ጊዜ ልኩን ይወስዳል። ያንኑ ወረቀት ግን ላይሆን ይችላል።"

"ያንኑ ካልሆነ ምኑን አደራ ሆነ? ሰው ሁሉ ባንድ ቀን አምጡ ቢልስ? የኔን ደጅ ትናንትና አላየሽም።"

"ያን ጊዜ ትልቁ ባንክ ያበድረዋል፣ ይደርስለታል።"

"ለትልቁስ ማን ይደርስለታል?"

"መንግሥት አለ እትዬ።"

"መንግሥትማ ነበረ። መልኩ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ፤ አንቺ የምትሰበስቢው ማንን ሆነና?"

ከሰልፉ አንዱ ሳል አመጣ፤ ሌላው ሰማይ ሰማይ አየ። ያን ዓመት እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያስበላ ነበር። አገሬ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ንጉሡ ወረዱ። ወረቀታቸውን ግን ባንኩ አልካደም፤ ቆጥሮ እየተቀበለ ነው። ቃሉን ባይጠብቅ ኖሮ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?"

ወለተ ሐና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ልጅቷ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። እሷ ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን አደራ ያቺ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም በጨዋ ደንብ፣ አስረዳቻት። ደግሞ ሰው ሁሉ ያይ ነበር።

ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ ገባ። ከሁመራ በኩል የሚሰማው ወሬ ጥሩ አልነበረም፤ መንገዱ ታውኳል፣ የወረደው ሰው ሁሉ እዚያው ቀርቷል ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ውዱ የሚባል ጨው ነጋዴ አሮጌውን ብር በግማሽ ዋጋ ይገዛ ጀመር። ሰልፍ የሰለቸውና ከሩቅ የመጣው ይሸጥለታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋጋው ከግማሽም ወረደ። ወለተ ሐና ባጠገቡ ባለፈች ቁጥር የደርበው በሬ ሲከሳ ይታያታል፤ መጀመሪያ ሻኛው፣ ቀጥሎ ጎኑ።

የገና በዓል ሲቃረብ መምሬ ወልደ ኪዳን ደጇ መጡ። የባንኩ ሰዎች ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ።

"እስከ መቼ ታቅፈሽው ትቀመጫለሽ?" አሏት።

"የሰው ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም መምሬ። እርስዎም ያውቃሉ።"

"ብሩ ከሞተ ምኑን ነው የምትጠብቂለት? ጨርቁን?"

ጨርቁን ያሉት ሳያስቡ ነው። እሷ ግን እንደ እሾህ ወጋት። ሲሄዱ መሰላሉን ወጥታ ቋጠሮውን አወረደችው። ጥልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ አድርጋ አየችው። ደህና ጥልፍ ነበር። የዚያች ሴት እጅ ጎበዝ ነበር።

በማግስቱ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ቋጠሮውን እንደታሰረ መስኮቱ ላይ አኖረችው።

"የማን ነው እትዬ?"

"የደርበው። ሁመራ ነው። ፍቺው።"

"እኔ?" አገሬ እጇን ሰበሰበች። "እኔ የሰው ቋጠሮ አልፈታም እትዬ። ተፈትቶ የቀረበልኝን ነው የምቆጥረው። ሁሉም ራሱ ነው የፈታው።"

ወለተ ሐና ከኋላዋ ያለውን ካብ ዞራ አየች። ከዚያ ላይ ሆና ያን ቀን ያየችው የሰው ጀርባ እንጂ የሚፈታውን እጅ አልነበረም።

ሰልፉ ይጠብቃል። ጣቷን በቋጠሮው ሥር አስገባች። ደርበው ጠበቅ አድርጎ ያስራል፤ በጥፍሯ ጀምራ በጥርሷ ጨረሰችው። ብሩ ሲገለጥ ፊቷን አዞረች።

"ቁጥሩን አልስማ" አለች።

አገሬ በከንፈሯ ብቻ ቆጠረች። ለሌላው ሁሉ ጮክ ብላ የምትጠራውን ልክ ለደርበው አልጠራችም፤ አዲሱን ብር ዝም ብላ ጨርቁ ላይ አኖረችው። ይህ ደግነት ወለተ ሐናን ከምንም በላይ አናደዳት። ለመጥላት እንኳ ቦታ አልተወችላትም።

እቤቷ ገብታ እንደ ደርበው ለመቋጠር ሞከረች። እጇ አላውቅ አለ። ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ አሰረች፤ የሚወጣው የራሷ ቋጠሮ ነው፣ አባቷ የመጽሐፍ ማኅደር ሲያስሩ አይታ የለመደችው። በመጨረሻ እንዲያው አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፏ ቀነሰ።

ደርበው ከጥምቀት በኋላ መጣ። ንዳድ አጥቅቶት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ውኃ ጠጣና ቋጠሮውን ተቀበላት። እንደ ወጉ አገላበጠ። እጁ ቆመ።

"ይህ የኔ እጅ አይደለም።"

የአገሬ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የሸጌ ልጅ ፈታችው ብትል ማን ያስተባብላታል? ልጅቷ ሄዳለች። ያገሩም ሰው ባንክ ይፈታል ቢሉት ያምናል። የራሷ ስምና ጎታ በነበሩበት ይቆያሉ። የልጅቷን ስም ዋጠችው።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አለች። "ሊሞት ነበር።"

ደርበው ፈታው። አዲሱን ብር ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ አየ፤ ንጉሡ በነበሩበት ቦታ ስፌት የምትሰፋ ሴት ተቀምጣለች።

"ንጉሡ ስፌት ሰፊ ሆኑ እንዴ?" አለ። አልቆጠረም። "ማን ለወጠልሽ?"

"የሸጌ ልጅ። አገሬ።"

"ያቺ ትንሿ? እንዴት ያለች ጎበዝ ወጣት እናንተዬ።"

ወለተ ሐና የጠጣበትን ዋንጫ አነሣች፤ የሚታጠብ ነገር አልነበረበትም፣ አጠበችው።

ደርበው ብሩን ከጨርቁ ለይቶ ጨርቁን አጣጠፈና ከደረቱ አኖረው። "ልጄ የእናቷን ነገር አምጣልኝ ስትል ከርማለች" አለ። "ሌላ ጨርቅ አታጪም?"

ከነጠላዋ ጠርዝ ቀደደች። ብሩን ዘረጋላት።

"አንቺው ቋጥሪው። ይቺም ስፌት ሰፊ የምትወርድበት ቀን አይታወቅም። ያን ጊዜ ሁመራ ብሆን ደግሞ ትፈቺልኛለሽ።"

ተቀበለችው። ሆኖም ያ ቅናት ከውስጧ አልወጣም።

"ለምን ባንክ አትወስደውም? እዚያ ይወልዳል ይላሉ።"

"ወልድያ ድረስ? ላንድ በሬ?"

የጠበቀችው የራሷን ስም እንጂ መንገዱን አልነበረም።

"ቅርብ ቢሆንስ?"

ደርበው እግሩን አከከ። "ቅርብ ቢሆንማ..." አለና ወደ ደጁ አየ።

የቀረውን ጠበቀች። አልመጣም። የጨርቁን ጫፍና ጫፍ ይዛ፣ አንዱን በጥርሷ፣ ሌላውን በእጇ ስባ፣ የማንንም አስራ በማታውቀው ጥብቀት አሰረችው።