የተቀባዩ ቦታ

«ዝም የሚል ሙዚቃ የት አገር ነው ያለው?» አለ ካድሬው፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እየመታ። «ይንገሩኝ ጓድ። ሕዝብ አዳራሽ ተሰብስቦ ዝምታ ያዳምጣል?»

«ዝምታው የዜማው አካል ነው» አለ ሙዚቃ ቀማሪው።

«አካል ከሆነ ቃል ይኑረው።» ካድሬው በአገጩ እኔን አመለከተ። «ገጣሚ አለልዎት አይደል? ይሙላው!»

መተማ ዮሐንስ፣ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ምስማር ከተነቀለበት የቆርቆሮ ቀዳዳ ሁሉ ፀሐይ እየሾለከች ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያክል ብርሃን ትጥላለች። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት በኩል የሱዳን ዘፈን በነፋስ እየተቆራረጠ ይመጣል። ግድግዳውን በሙቀቱ የቆየ የሰሊጥ ዘይት ያልበዋል። ዛሬም የትም ከተማ የሰሊጥ ጆንያ ሲራገፍ ሽታው ካገኘኝ፣ ቆሜ የማዳምጠው ያንን ጭቅጭቅ ነው።

ቀማሪው ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ከማን ጋር ምን እንደተባባለ አልነገረንም፤ ብቻ የኪነት ቡድን እንዲያሠለጥን ተብሎ ወደ እኛ ቆላ ተላከ። የቫዮሊኑ ሙጫ በመጀመሪያው በጋ ለቀቀ። የብስክሌት ጎማ በሚለጠፍበት ማስቲሽ መልሶ ቢያጣብቀውም ድምፁ እንደ ድሮው አልሆነለትም። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስኳር በጋዜጣ የምቋጥር፣ ጋዜጣውን ከመቅደዴ በፊት በላዩ ያለውን ግጥም የማነብ ወጣት ነበርኩ። ግጥም የተማርኩት እንዲያ ነው። ባለሱቁ በሱዳን ዐረብኛ «ያ ወለድ! አንተ ልጅ! ደንበኛው የጠየቀህ ስኳር ነው እንጂ ፊደል ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ቀማሪው ግን ግጥሞቼን አንብቦ፣ «ቃል ታበዛለህ፤ ግማሹን ጣልና ና» አለኝ። ግማሹን ጥዬ ሄድኩ። አብሮ መሥራታችን በዚያ ተጀመረ።

በጥቅምት፣ በሸሕዲ መንገድ ዳር ወዳለ እርሻ አብረን ወጣን። ሳሉጎች ሰሊጥ ያጭዱ ነበር፤ ቆላው ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራው። ከፊት ያለው አውራጅ፣ ረጅም የጎጃም ሰው፣ ስንኝ ያወጣል። ወጉ አንድ ተቀባይ ብቻውን መልሶለት ከዚያ ሁሉም እንዲከተል ነው። ያን ቀን ግን አውራጁ ስንኙን ሲጨርስ የሚመልስለት ጠፋ። ማጭዶቹ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቀጥ አሉ። ከዚያ ራሱ አውራጁ ቀጠለ። ተቀባዩ ታናሽ ወንድሙ ነበር አሉን። መስከረም ላይ ወባ ወሰደችው። ሌላ ተቀባይ ሹም ቢሉት አሻፈረኝ ብሏል።

ቀማሪው እዚያው ሰሊጡ መሐል ቁጭ አለ።

«ሰማኸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሌለውን።»

ሥራው ከዚያ ክፍተት ተወለደ። አውራጁ እሑድ እሑድ አጫጆቹን እየመራ ወደ አዳራሹ ይመጣ ጀመር። የተለጠፈውን ቫዮሊን ሲሰማ፣ «የኔታ፣ ይኸ እንጨትዎ ጉንፋን ይዞታል!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። መጀመሪያ ቀን ግን ከመዝፈኑ በፊት አንድ ነገር ጠይቆ ነበር።

«ያቺ ዝም የምንልባት ቦታ የሱ ናት?»

«የሱ ናት» አለው ቀማሪው።

«እንግዲያስ እዘፍናለሁ።»

አየህ፣ ችግሩ የመጣው ከማፍቀር ነው። ቀማሪው ያቺን ዝምታ ስለወደዳት አረዘማት። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ደግሞ አውራጅ ረዘም አድርጎ ዝም ካለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ውኃ መጣ ማለት ነው። ካድሬው ሥራው ለጎንደር ትርኢት ይበቃ እንደሆነ ሊገመግም የመጣ ዕለት፣ ዜማው ጣሪያ ነክቶ ጸጥ ሲል፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን መድረኩ ላይ ጣል ጣል አድርገው ተቀመጡ። አንዱ የወሎ ልጅ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ኧረ ውኃው የታለ እናንተ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው አልሳቀም። እሱ ያየው መፈክር በተሰቀለበት መድረክ ላይ ማጭዱን የጣለ ሠራተኛ ነው።

ሌሎቹ ተበትነው፣ ከአውራጁ ጋር አራታችን ስንቀር ነው እንግዲህ ያ ጭቅጭቅ የተነሣው።

«ጎንደር ላይ፣ በክፍለ ሀገሩ ሹማምንት ፊት፣ ሠራተኛ ሥራ አቁሞ ይቀመጥ?»

«ላሳጥረው» አለ ቀማሪው። «አንድ ትንፋሽ ብቻ።»

«ትንፋሽም አያስፈልግ! ‹ወደፊት!› ይባልበት።» ከዚያ ድምፁን አለዘበ፤ እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። «ጓድ፣ እኔም ሰው ነኝ። ይህ ሥራ ጎንደርን ካለፈ አዲስ አበባ ይገባል፤ እርስዎም አብረውት። እዚህ ቫዮሊን ሲለጥፉ ሊያረጁ ነው?»

የቀማሪው ጣቶች የቫዮሊኑ ስንጥቅ ላይ ይመላለሱ ነበር።

«ጋሼ፣ አይሆንም በል እንጂ!» አልኩት ቀማሪውን።

«አንተ ስኳርህን ቋጥር» አለኝ ካድሬው።

አሁን የቀማሪው ስም በትልልቅ አዳራሾች ይነሣል። ለተውኔት ጽፏል፣ ከውዝዋዜ ሰዎች ጋር ሠርቷል፣ የውጭ አገር ቫዮሊን ተጫዋቾች ሥራውን ተጫውተውለታል። አንድ ቀን ሄጄ ከኋላ ወንበር አዳመጥኩት። ያ ዜማ መጣ፤ ጣሪያ ነካ፤ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ መለከቶች ሞሏት። ያምራል። የከነከነኝም ማማሩ ነው።

ያን ዕለት፣ በጭቅጭቁ ጊዜ ሁሉ፣ አውራጁ በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ቀማሪው ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጎንደር ይዤህ እሄዳለሁ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አዲስ አበባም። ያቺ ቦታ ግን... ለጊዜው ትሞላ።»

«በምን ትሞላለች የኔታ?»

«በአንድ ቃል ብቻ።»

አውራጁ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

«እርስዎ ይሂዱ» አለ። «አገርዎ ነው፤ አይፈረድብዎትም። እኔ ግን ወንድሜን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ።»

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ። ያንን የቆርቆሮ በር ማንም ሰው ወደ ኋላው ለቆት ነው የሚወጣው። እሱ ግን ከወጣ በኋላ ዞረ፤ በሁለት እጁ ያዘና፣ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።