እትዬ አደሴና እጀታ የሌለው ፍሬን

እትዬ አደሴ መሪ መጨበጥ የፈለጉት ለምን ነበር? ጎረቤታቸው ነኝና ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እሳቸውንም ጠይቄያለሁ። መልሱን ግን አላውቀውም። አንድ ቀን፣ «ከቤት ፋብሪካ በእግር መመላለስ ጫማ ጨረሰብኝ» ይሉኛል። ሌላ ቀን፣ «ሴት አትነዳም ያለኝ ሰው ነበር፤ እልህ ነው» ይላሉ። ጥያቄዬ ሲሰለቻቸው ደግሞ፣ «ቁጭ ብሎ መሄድ ደስ ስለሚል» ብለው ይገላገሉኛል። ሦስቱም እውነት ይመስሉኛል፤ ሦስቱ ተደምረው ግን እሳቸውን አያክሉም።

የሚታወቀው ይህ ነው። አቃቂ አካባቢ የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ክር ፋብሪካ ገቡ፤ ጥቂት ዓመት ማሽን ላይ ከቆሙ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠራተኞቹን ሰርቪስ ነዱ። አውቶቡሱ አርጅቶ ስለነበር የእጅ ፍሬኑ ጸባዩን ካላወቀ ሰው ጋር አይስማማም ይባላል። አዲስ ሾፌር ሲመጣ፣ «መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ ሳበው፣ ከዚያ ዝቅ አድርገው። ይለመናል እንጂ አይገፈተርም» ብለው ያስተምሩት ነበር።

በዚያ አውቶቡስ ከሚሳፈሩት አንዷ ፈለቀች ነበረች። ነፍሰ ጡር ሳለች ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሳት፣ እትዬ አደሴ ጥግ ይዘው ያቆሙላት፣ ሌላው ሠራተኛ ሲያጉረመርምም በመስታወት ገላምጠው ዝም ያሰኙት ነበር። ልጇ ሩት ስትወለድ የተናገሩት ነገር ገላን ኮንዶሚኒየም ያለነው ሁሉ በቃላችን የምናውቀው ነው፦ «የሰርጓን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሩት አደገች፤ ፊሮምሳ የሚባል የጎረቤት ሰፈር ልጅ አገኘች፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። እትዬ አደሴ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መሪ አልነኩም። መስኮታችን ትይዩ ስለሆነ አይቻቸዋለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በግራ እግራቸው ፍሪሲዮን እየረገጡ፣ በቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ ማርሽ ይቀይሩ ነበር።

መኪናው ግን ፍሪሲዮንም ማርሽም አልነበረውም። የሰርጉ ቀን የፊሮምሳ አንደኛ ሚዜ ጃለታ ይዞት የመጣው ገና የተገዛ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። በአበባና በሪባን ተሸልሞ ከብሎካችን ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ቆመ። እትዬ አደሴ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወረዱና አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማው ሥር አዩ።

«ዳገት ላይ ያለ ታኮ ታቆማለህ?»

«ይሄ ድንጋይ አይፈልግም እትዬ። ራሱን ይይዛል።»

«ራሱን?» አሉና ጃለታን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«ነድተውት ያውቃሉ ግን?»

«አንተ ሳትወለድ ነድቻለሁ።»

«ይሄን ዓይነቱን ማለቴ ነው።»

«ጎማው አራት አይደል? ሂድ ግባ።»

ሰው ሳቀ፤ ጃለታም ሳቀ። ሆኖም ከጎናቸው ሲቀመጥ፣ «ካልተመቸዎት እኔ አለሁ» ማለቱን አልተወም። እትዬ አደሴ ፈገግታቸው ጠፋ። አውቶቡሳቸው ላይ ይሳፈሩ ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ እዚያ ቆመዋል። ሩት ደግሞ ሁለት ጊዜ አታገባም።

ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። እትዬ አደሴ ቀበቶውን እንደ ብዙ ሾፌሮቻችን ደረታቸው ላይ ጣል አደረጉት እንጂ አልቆለፉትም። ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን ይበቃል፤ ጥልፉንም አይጨመድድም። ማስነሻውን ተጫኑ። ምንም ድምፅ የለም። ደግመው ተጫኑ።

«ተነሥቶ ነበር እኮ» አለ ጃለታ። «አሁን አጠፉት።»

«ሳይጮህ ነው የሚነሣው? ሌባ ነው እንዴ?»

በሦስተኛው ስክሪኑ በራ። ጃለታ እንዳሳያቸው እግራቸውን ፍሬን ላይ አድርገው መሄጃው ላይ አስገቡት። «አሁን የእጅ ፍሬኑ በራሱ ይለቃል» አላቸው። አልለቀቀም። ከፊት የነበረው የካሜራ መኪና ግን የሰዉን እልልታ ሰምቶ የተነሡ መስሎት ነቅሎ ሄደ። ካሜራማኑ ክፍት የዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጦ ባዶ መንገድ እየቀረጸ ከግቢው ወጣ።

ውስጥ የሆነ ነገር ቲን ቲን ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ አደሴ።

«ቻይንኛ ነው።»

«የገዛ መኪናህ የሚልህን አታውቅም?»

«እስከ ዛሬ ምንም ብሎኝ አያውቅም እኮ!»

እጃቸው ልማዱን ተከትሎ በቀኝ ጎናቸው እጀታ ፈለገ። ያገኘው የጣት ጫፍ የምታህል በተን ብቻ ነበር። በለመዱት መንገድ ወደ ላይ ሳብ አደረጓት። መኪናው ከኋላ እንደ ማቃሰት አለና ይበልጥ ያዘ። አሁንም ሳቡ። ያው ነው። እግራቸውን ከፍሬን ላይ አንሥተው ወደ ታች ተጫኗት፤ ሌላ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሰው ነገር ታውቃላችሁ። «እንግፋው» አለ አንዱ፤ ሁላችንም ተረባርበን ገፋን። እኔም ገፍቻለሁ። ከአበባው ግማሹ እጃችን ላይ ቀረ፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። የሩት አጎት ሀብተሚካኤል በሙሉ ልብሱ መሬት ላይ ተኝቶ፣ «አንድ ድንጋይ መኖር አለበት» እያለ ከሥር ይዳብሳል። የካሜራው መኪና የኋልዮሽ እየሄደ ተመለሰ። ፈለቀች አፏን በነጠላዋ ይዛ እትዬ አደሴን ብቻ ታያለች።

ጃለታ በሩን ከፈተ። «እትዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ልቀይርዎት።»

እትዬ አደሴ መሪውን አጥብቀው ያዙ። ያን ጊዜ ሩት ከኋላ፣ «እኔ አልቸኮልኩም» አለች።

እትዬ አደሴ በመስታወቱ አዩዋት። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና፣ «በሉ ዝም በሉልኝ» አሉ። አውቶቡስ ሙሉ ሠራተኛ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፅ ነው፤ እልልታውም ግፊያውም ቆመ። «አንተም በሩን ዝጋ።» ጃለታ ዘጋ። ቲን ቲን የሚለው ብቻ ቀረ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት። «የኔ አውቶቡስ የሚጮኸው አንድ ነገር ሲጎድለው ነበር» አሉ። ከመሪው ጀርባ ያሉትን ቀይ መብራቶች አንድ በአንድ አዩ። አንዱ፣ ደረቱ ላይ ገመድ የተጋደመበት የሰው ምስል ነው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የታሰረው?»

ጃለታ ወደ ደረታቸው አየ። «እትዬ... ቀበቶዎ።»

«የትራፊክ ወገን ነው በለኛ!» ብለው ቀበቶውን ጎትተው ቆለፉት። ጥልፉ ተጨመደደ። ጩኸቱም ቆመ። እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አጠበቁ። በተኗን በአንድ ጣት፣ በቀስታ፣ ሳይስቡ ወደ ታች ተጫኗት። ከኋላ ጎማዎቹ ዘንድ ስስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ።

መኪናው ያለ አንዳች ጩኸት ዳገቱን ወጣ። እኛ ነን የጮህነው። ሀብተሚካኤል አቧራውን ሳያራግፍ ዘለለ፤ ፈለቀች ነጠላዋን እያውለበለበች ከመኪናው ጎን ሮጠች፤ የአጃቢው መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። እኔ ደስታ ቶሎ የማይሞቀኝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እስከ ግቢው በር ስሮጥ ጫማዬ ከእግሬ መውለቁን አላወቅሁም።

የቀረውን ሩት ነገረችኝ። ቃሊቲ ላይ በከባድ መኪኖች መሃል ሲያዙ፣ እትዬ አደሴ ፍሬኑን ይይዙታል፤ ይለቁታል፤ እንደገና ይይዙታል። ያን ስስ ድምፅ ለመስማት ብቻ ነው። ጃለታ «ይበላሻል እኮ» ሲል፣ «ገና እየተዋወቅን ነው» ይሉታል። ፊሮምሳም፣ «እትዬ፣ ሰርጉ እዚሁ እንዳያልቅ» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ሳሪስ ካለው የሰርጉ አዳራሽ በር ላይ ሲደርሱ ወርደው የሩትን በር ራሳቸው ከፈቱ። «አደረስኩሽ» አሏት።

አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጥ ነበር። ፈለቀች ምግብ አንሥታ ልትሰጣቸው ስትመጣ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘቻቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ የመኪናው ቁልፍ መዳፋቸው ውስጥ ነው። ጃለታ ቁልፉን ፈልጎ ቢመጣም ጣቶቻቸውን ሊያላቅቅ አልደፈረም። ሰዓቱ ገና ከቀኑ ስምንት ተኩል ነበር።