የትርፌ ቢጫ ክር

ተመልሷል! እልል በሉልኝ፣ ተመልሷል! ዛሬ በገና ጠዋት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከበፊቱ ደምቆ ቆሞ በዓይኔ አየሁት።

ማን ነው የተመለሰው ትሉኝ ይሆናል። ሰው አይደለም፤ የጠፋ ጥጃም አይደለም። ቢጫ ነው። የጎረቤቴ የትርፌ ቢጫ። ለቀለም ይህን ያህል መፈንደቅ ምን ይባላል የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ስለ ሰፈራችን ምንጭ የጻፍኩትን ሰዎች አንብበው "ጎሽ!" ካሉኝ ወዲህ ብዕር ከእጄ አልለይ ብሏል። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ እንዲያውም ከዚያኛው አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

ትርፌን ሶዶ ውስጥ ስሟን የማያውቅ እንኳ በመልክ ያውቃታል። ቢሮ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስትቀመጥ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ ሁለት መርፌ ይዛ ሹራብ የምትሠራው ሴት እሷ ናት። ዓይኗ ሰው ላይ ነው፤ ጣቶቿ የራሳቸውን መንገድ ይሄዳሉ። ሙያውን የተማረችው ጉኑኖ በልጅነቷ ነው። እናቷ ታማ ጤና ጣቢያ ተኝታ ሳለ አንዲት ነርስ አስተማረቻት። "እናቴ ዳነች፣ እኔም ሥራ ይዤ ወጣሁ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ስጦታ" ትላለች። መርፌ ግን አልነበራትም። ያኔ ጉኑኖ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ጎረምሳ ነበር። ሁለት የብስክሌት ራጂ፣ ያን የጎማውን ቀጭን ሽቦ፣ ቆርጦ፣ ጫፋቸውን በድንጋይ ስሎ አሾለና ሰጣት። ያ ጎረምሳ ዛሬ ጋሽ ደገፉ የምንላቸው ባሏ ናቸው።

"ሌላው ለሚያገባት ቀለበት ይሰጣል" ትላለች ትርፌ፣ ባሏ እየሰሙ። "የእኔው ራጂ ሰጠኝ።"

"ቀለበት ቢሆን ሸጠሽ በልተሽው ነበር" ይላሉ እሳቸው።

ትርፌ አዲስ ክር አትገዛም። ሰልባጅ ተራ ሄዳ ነጭ ነጩን ሹራብ ብቻ ትመርጣለች፤ ትተረትረዋለች፣ አጥባ በቱባ ትጠቀልለዋለች፤ ከዚያ ቀለም ትነክረዋለች። ቀዩንና ጥቁሩን ዱቄት የምትገዛው ገበያው ዳር ካለው ከከድር ሱቅ ነው። ቢጫውን ግን ከሱቅ አትወስድም። "የሱቅ ቢጫ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ይመታል" ትልና ከቦዲቲ ገበያ እርድ አስመጥታ፣ ወቅጣ፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ታፈላዋለች። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ አልጫ የተሠራ ይመስለዋል።

አንድ ልማድም አላት። እያንዳንዱን ሹራብ ስትጀምር የመጀመሪያውን ረድፍ ለአንድ መልካም ለዋለላት ሰው ትሰጣለች። ስሙን ጠርታ፣ በወላይትኛ "ጋላታ" ብላ ነው ሥራውን የምትቀጥለው፤ ምስጋና ማለቷ ነው። ለነርሷ፣ ለጋሽ ደገፉ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ ለቆመላት የሚኒባስ ሾፌር ሳይቀር። እኔም አንድ ረድፍ አለኝ። የትኛው ሕፃን እንደለበሰው ባላውቅም ብርድ ሲሆን ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕፃናት መዘምራን የሚያሠለጥነው ፋኑኤል ቤቷ መጣ። የገና ፕሮግራም ጠዋት በግቢው ውስጥ፣ በሜዳ ላይ ነው የሚሆነው። ታኅሣሥ ላይ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

"እማማ ትርፌ፣ ልጆቹ ባለፈው ዓመት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነው የዘመሩት" አላት። "እጅጌ የሌለው ሹራብ፣ በዱንጉዛ ቀለም ቢሠሩልን?"

ትርፌ ፋኑኤልን ሸኝታ ወደ እኔ ቤት እየሮጠች መጣች። እንደ ልጅ እጄን ይዛ "ጠሩኝ እኮ!" አለችኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ በየወረፋው ስሠራ የኖርኩትን ሴት፣ ለእግዚአብሔር ቤት ሥሪ ብለው ጠሩኝ!" ያን ቀን ነው ነገሩ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ዱንጉዛ፣ የባህል ልብሳችን፣ ደግሞ ለወላይታ ሰው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ሌላ ጨርቅ ነው። ሃያ የሚጠጉ ሹራቦች፣ ሦስቱም ቀለም በየመስመሩ፣ ለገና ጠዋት መድረስ አለባቸው።

ኅዳር ላይ ደግሞ ልጇ ሳሚ ሚስት አገባ። ሶልያና ትባላለች፤ የቦዲቲ ልጅ፣ ዝምተኛና ደርባባ። በእኛ ወግ ሙሽራ ሥራ አትነካም። ጓዳ ተቀምጣ፣ ቅቤው የሚንጠፈጠፍ ሙቿ እየጎረሰች፣ ፊቷ እስኪያበራ ትቀለባለች። ሳሚ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ሳምንቱን አይኖርም። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የአማቷን መርፌ ቀጭ ቀጭ ስትሰማ ትውላለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ብገባ "አክስቴ፣ መቀመጥ ደከመኝ" አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም "ደስ ይበልሽ፣ ሁለተኛ አታገኚውም" ብዬ ሳቅኩባት።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆቹ ሊለኩ መጡ። ሹራቦቹ አልቀዋል፣ ያምራሉ፣ ልክ ናቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ ግን አንገቷን ወደ ውስጥ ቀብራ አሸተተችና "እማማ፣ ይሄ አልጫ አልጫ ይሸታል!" አለች። ሌሎቹ ሁሉ እያሸተቱ "እኔስ ራበኝ!" እያሉ ተንከተከቱ። ትርፌም አብራ ሳቀች። ከመጋረጃው ወዲያ ግን አልተሳቀም። ሶልያና የአማቷ ሥራ የተናቀ መሰላት።

በማግስቱ ትርፌ ለበዓሉ ገበያ ወጣች። ሙሽራዋ ተነሣች፤ ሳፋ አወጣች፤ ውሃ ሞላች፤ የልብስ ሳሙና ይዛ ሹራቦቹን አንድ በአንድ ከልቧ አሸቻቸው። ቢጫው ቀላ። ቀዩ ቀለም የፈሰሰበት መስሏት ሳሙና ጨመረች። ሳሙና በጨመረች ቁጥር ቢጫው ይብሱን ጡብ መሰለ።

የሶልያናን ጩኸት ሰምቼ አጥር ዘልዬ ነው የገባሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ! ግቢው ውስጥ ገመዱ ሙሉ ሹራብ ተሰጥቷል፤ ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር፣ አንድም ቢጫ የለም። ሶልያና እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ ቆማለች። ትርፌም ዘንቢሏን እንደያዘች ከበሩ ደረሰች። ገመዱን አየች። ልጅቷን አየች። ዘንቢሉን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እኔ ጆሮዬን ልይዝ ነበር።

"እጅሽን ከውሃ አውጪ" አለቻት። "በታኅሣሥ ብርድ ሙሽራ ውሃ ትነካለች? ሰው ምን ይለኛል!"

"እማዬ፣ ሽታው እንዲለቅ ብዬ..."

"አውቃለሁ። ግቢ፣ ሙቂ።"

ይህን ተናግራ ሹራቦቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ግን እጇ ባዶ ነበር። ትርፌን ተቀምጣ፣ እጇ ባዶ ሆኖ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ክፉ ወሬ ደግሞ ተሳፋሪ አይጠብቅም። የሰፈራችን ባለባጃጅ ትግሉ በበሩ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ "እማማ፣ የዘንድሮ ዱንጉዛ ሁለት ቀለም ሆነ እንዴ?" አለ። ለክፋት አልነበረም፤ አፉ ነው የማያርፍ። ተሳፋሪዎቹን መናኸሪያ ሲያደርስ ይህችን ይዞ ሄደ። ከሰዓት ቦዲቲ ላይ "የትዕዛዝ ልጅ የመዘምራኑን ልብስ አበላሸች" ተብሎ ተወራ። ወይዘሮ ትዕዛዝ የሶልያና እናት ናቸው። ወዲያው ለትርፌ ደወሉ። "ከገና ማግስት ጋሽ ኤርሳዶን ይዤ ለይቅርታ እመጣለሁ። ልጄንም ካልፈለጋችኋት..." ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ዘጉ። ጋሽ ኤርሳዶ ማለት የቤተሰቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ለቀላል ነገር ከቤታቸው አይወጡም። ከዚያ በኋላ ብንደውል ስልካቸው አልሠራ አለ። ሶልያናም ጓዳ ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

አሁን ወደ ጋሽ ደገፉ ልምጣ። ጋሽ ደገፉ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዟቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ሲጠጡ ነበር የሰነበቱት። ሚስታቸውን ሊያጽናኑ ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ። አንዱን ሹራብ ከገመድ አወረዱና "እኔ እንኳ እንዲህም ያምራል ባይ ነኝ" አሉ።

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም የምታውቀው?"

"ራጂ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም..." ሊሉ ነበር፤ አስነጠሳቸው። ሻዩ ሹራቡ ላይ ተደፋ።

"እሰይ!" አለች ትርፌ ብድግ ብላ። "የቀረውንም ጨርሰው! የእሷ ሲገርመኝ አንተ ደግሞ..."

ንግግሯ እዚያው ቆመ። ሻዩ ያረፈበት ቦታ፣ ሎሚዋ ከነፍሬዋ የተጣበቀችበት፣ ቦግ ያለ ቢጫ ሆኗል። ሦስታችንም ጎነበስን። ትርፌ የሎሚዋን ቁራጭ አንሥታ ሌላ መስመር ላይ ፈተገቻት። እርሱም ቢጫ! ለካ እርዱ የትም አልሄደም። ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ኮምጣጣ ሲነካው ይመለሳል።

"ሶልያና!" ብላ የጮኸችው ጩኸት ዳሞታ ጫፍ ሳይሰማ አይቀርም። "የታጠፈውን ልብስ ተዪና ነዪ!"

ግን ለዚያ ሁሉ ሹራብ ስንት ሎሚ ይበቃል? እኔ ወደ ከድር ሱቅ በረርኩ። የከድር ቤተሰብ ከስልጤ የመጣ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛው ከእኔ ይሻላል።

"ከድር፣ አቼቶ አለህ?"

"አለ። ለበዓል ሰላጣ ነው?"

"ለሹራብ ነው።"

ሚዛኑን ትቶ አየኝ። "እናንተ ሰዎች፣ የዘንድሮን ገና በደህና አክብሩት" አለና፣ ነገሩን ስነግረው ግን ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ሳፋ ላይ አጎነበሰ። ትርፌ ትነክራለች፣ ሶልያና በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች፣ ከድር ይጨምቃል፣ እኔ አሰጣለሁ። ጋሽ ደገፉ "ጀማሪው እኔ ነኝ" እያሉ ያስነጥሳሉ። ሙሽራ ውሃ አትነካም ያለ ሰው አልነበረም። ሶልያናን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ለካ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል።

የታኅሣሥ ፀሐይና ነፋስ ይባረኩ፣ ለበዓሉ ደረቀልን። ዛሬ ጠዋት ልጆቹ በሜዳው ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ሳሚም መጥቶ ከሚስቱ ጎን ቆሟል። ያቺ ትንሽ ልጅ ከመዘመሯ በፊት አንገቷን ቀበረችና ለጓደኛዋ "አሁን ደግሞ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል!" አለቻት። ትርፌ ሰምታ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ተንከተከተች። ፋኑኤል ሹራቡን ማን እንደሠራው ሲናገር ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ የሶልያናን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀርቦ ሳይበላ፣ ትርፌ ከሣጥኗ ሁለቱን የራጂ መርፌዎች አወጣች። እነዚያኑ የጉኑኖዎቹን። ለሶልያና ሰጠቻትና ነጭ ቱባ ክር ጭኗ ላይ አኖረችላት።

"የመጀመሪያው ረድፍ የማን ነው?" አለቻት።

ሶልያና አሰበች፣ አሰበች። "ለሎሚዋ ይሁን?"

"ሎሚ ሰው ነው እንዴ!" አሉ ጋሽ ደገፉ። "ሎሚውን የደፋው ማን ሆነና?"

ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ሶልያና ድንገት ቀዝቀዝ አለች። "እናቴ እኮ አልሰማችም" አለች። "ነገ ሽማግሌ ይዛ ልትመጣ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳትም።" ሳሚ ደወለ፤ ዝግ ነው። እንደገና ደወለ፤ ዝግ ነው።

ትርፌ ወደ እኔ ዞረች። "እኛ በእንግዳ ተይዘናል። አንቺ ደግሞ ወሬ ማድረስ ትወጃለሽ።"

እውነት ነው፣ እወዳለሁ! አንድ ሹራብም ለማስረጃ በፌስታል ጠቅልላ ሰጥታኛለች። "ለይቅርታ ሳይሆን ለምሳ ይምጡ በያቸው፤ ጋሽ ኤርሳዶም አይቅሩ" ብላኛለች። ይህን የጻፍኩት ትግሉ ተሳፋሪ አድርሶ እስኪመለስ ነው። ያወራውን ወሬ በራሱ ባጃጅ ያስተካክላል፣ በነጻ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቷል። ይኸው ጡሩንባውን እየነፋ ነው፤ ወደ ቦዲቲ የሚሄደው ሚኒባስም ሊሞላ ነው አሉ። መጣሁ ትግሉ፣ ጫማዬን ላድርግ! ወይዘሮ ትዕዛዝ እስካሁን አልሰሙም እኮ...