ታይፎይዴ ተነሳብኝ

ካዛንቺስ ውስጥ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ካለ እኔ አላየሁትም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ መስኮቴ ላይ የሚቆመው ሁሉ ገና ስሙን ሳይነግረኝ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ይላል። ራሱን ያመመው፣ ወገቡን የቆረጠው፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ እንቅልፍ ያጣው፣ ሁሉም። ታይፎይዴ! ከአያቱ የወረሰው ርስት ይመስል። ደግሞ ብቻውን አይነሳም፤ ታይፈስን አስከትሎ ነው።

በዚህ ነገር አንጀቱ የሚቃጠል አንድ ሰው ነበር፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ጋሽ ገብረጻድቃን። ቀጭን፣ ሱሪውን ከእምብርቱ በላይ የሚታጠቅ፣ ጠዋት ሲገባ ሰላም ለማለት እንኳ የሚቸኩል ሰው። ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከመጽሔት የቆረጣቸውን አራት የፈረንጅ ሥዕሎች ለጥፎ ነበር። ጣቱን ሊወጋ የገባ ሁሉ ቀና ይልና «የክሊኒኩ ባለቤቶች ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዲት ባልቴት ከአራቱ ጺማሙን፣ ኮክ የሚባለውን፣ ቅዱስ መስሏቸው ተሳልመውት ወጥተዋል።

ያኔ ጋሽ ገብረጻድቃን ይነሳበታል። የሽንት ዕቃ በእጁ እንደያዘ ይጀምራል። «ይሄ ሆላንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መስታወት ከጥርሱ የፋቀውን ቢያይ ነፍሳት ሲተራመሱ አገኘ! ይሄኛው ደግሞ ሐኪሞችን እጃችሁን ታጠቡ፣ ወላዶቹን የምትገድሉት እናንተ ናችሁ ቢላቸው ጠመዱት፤ መጨረሻው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ሆነ።» ፓስተር ሰፈር ብቻ ሳይሆን ሰውም እንደነበር ሲናገር የሚያምነው የለም። ኮክ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1882 ዓመተ ምሕረት፣ በርሊን ውስጥ፣ የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ለባልደረቦቹ ያሳየበትን ቀን የልጁ ልደት እስኪመስል ያውቀዋል። ወረፋው በሩ ጋ ደርሷል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ የሚሰደበው ግን እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

«ጋሽ ገብረጻድቃን፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት።

ከዶክተሩ ጋርም ቀን በቀን ይጣላል። «ይሄ ዊዳል የምትሉት የታይፎይድ ምርመራ ከመቶ ዓመት በፊት የመጣ ነው። ድሮ የያዘውንም፣ ጨርሶ ያልያዘውንም ፖዘቲቭ ይላል» ይለዋል። ዶክተሩም «በሽተኛው ታይፎይድ ካልተባለ ተቀይሞ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል» ይላል። ውሸቱን አልነበረም። የኛ ሰው ምንም የለብህም ሲሉት የተሰደበ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዶክተሩ ጋር ነበርኩ፤ ሰውየው አድራቂ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

በ1996 ጥር ላይ ባለቤቴን ሊካሳን ሳል ጀመረው። ከላንቻ ለገሃር ታክሲ ይነዳ ነበር። «ታይፎይዴ ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ። ደሙ ሲታይ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ሲፕሮ የሚሉትን ክኒን ገዛሁለት። ትንሽ ተሻለው መሰለና እንደገና ጣለው። እንደገና አስመረመርኩ፣ እንደገና ገዛሁ። ሱሪው ሰፋው፣ ሌሊት የተኛበት አንሶላ ጠዋት የሚጨመቅ ሆነ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስወስደው ጋሽ ገብረጻድቃን የውጤቱን ወረቀት አልጽፍም አለ። እኔን ለብቻዬ ጠራኝና «ስንት ጊዜው ነው ካሳለው?» አለኝ።

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው።»

«አክታውን አምጪ።»

ደሜ ፈላ። ሳንባ ነው ማለቱ ነዋ! በእኛ ሰፈር ታይፎይድ የያዘውን ሰው ብርቱካን ይዘው ይጠይቁታል፤ ሳንባ የያዘው ግን ብርጭቆው ይለይበታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። እሱም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «አክታውስ?» ይለኛል፤ ማፈር አያውቅም።

አንድ ጠዋት የሊካሳ መሐረብ ላይ ደም አየሁ። ለታይፎይዱ ነው ብዬ ዋሽቼው አክታውን በብልቃጥ ተቀበልኩና ሮጥኩ።

ጋሽ ገብረጻድቃን ቀለም ቀባው፣ በእሳት አሞቀው፣ አጠበው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ «እዪ» አለኝ። በሰማያዊው መሀል ቀያይ ቀጫጭን ነገሮች፣ የተበጣጠሰ ክር የመሰሉ፣ ተበትነዋል። ስለ ኮክ ሊጀምርልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጀመረም።

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?»

«ሀኒ አለች። አራት ዓመቷ ነው።»

«የት ነው የምትተኛው?»

«በመሃላችን» አልኩ። እንባዬ መጣ። ታይፎይድ ነው ብዬ ሁለት ወር መድኃኒት ስገዛ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ክሊኒክ እሠራለሁ የምለው እኔ።

ሊካሳ ግን ሰማይና ምድር ቢገናኙ ጤና ጣቢያ አልሄድም አለ። «በቃ፣ ታይፎይድ ነው አልኩ! በየቀኑ ተሰልፌ ሰው ፊት ክኒን ልዋጥ? ተራ አስከባሪው ቢያየኝ ማን ነው መኪናዬ ውስጥ የሚገባው?» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ የሚሠራበት ነው የጠፋው። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ሀኒን ይዤ እወጣለሁ አልኩት። ድንጋይ!

በማግስቱ ለጋሽ ገብረጻድቃን ስነግረው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ለገሃር ሄደ። በሊካሳ ታክሲ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ላንቻ ደርሰው ሲመለሱ አልወረደም፤ ደግመው ሄደው ሲመለሱም አልወረደም። በሦስተኛው ተናገረ። ሊካሳ በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በእግሩ ጤና ጣቢያ ገባ፤ ሀኒንም ራሱ ወስዶ አስመረመራት፣ ነጻ ሆነች። ምን ብሎህ ነው ብለው አልነግርሽም አለ።

የነገረኝ የስምንት ወሩን መድኃኒት ጨርሶ ነው። ጋሽ ገብረጻድቃን ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል።

«በ1978 እኔም አሳለኝ» ነው ያለው ጋሽ ገብረጻድቃን ታክሲው ውስጥ። «በቀን የሃያ ሰው አክታ እያየሁ የራሴን ማየት ፈራሁ። ለባለቤቴ ታይፎይድ ነው አልኳት። ሰምሃል የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ከደረቴ ላይ አትወርድም ነበር። እኔ ዳንኩ።»

ሊካሳ ይህን ነግሮኝ ሲጨርስ በጣም ተናደድኩ። መጀመሪያ በእሱ፣ እስከዛሬ ስለደበቀኝ። ቀጥሎ በጋሽ ገብረጻድቃን፣ እሱም ስለደበቀኝ። በመጨረሻ በራሴ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ፣ ልጅ አለህ ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።