የግራ እጅ ስፌት

አክስቴ ሰው አታምንም። ስኳር ስትገዛ በእጇ መዝና ታረጋግጣለች፤ በአንድ ቀን ሁለቴ ሰላም ያላትን «ምን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። የምታምነው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ጆንያ የሰፋችበትን የእርዳታ እህል መጋዘን።

ሲራገፍ የተቀደደ፣ አይጥ የበሳው ጆንያ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። በሩ አጠገብ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ በረጅም መርፌና በሲባጎ ትሰፋዋለች። ግራኝ ስለሆነች ስፌቷ እንደ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ያዘምማል። ልጅ ሳለች መምህሯ ጣቷን በማስመሪያ እየመታ ግራ እጇን ሊያስተዋት ሞክሮ ነበር። «እጅ እንደ አማት ነው፤ ትችለዋለህ እንጂ አትለውጠውም» ትላለች።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም። መንግሥታችን እህሉን የሚልኩትን አገሮች ያልሰደበበት ቀን የለም፤ ጠላት ናቸው፣ ደም መጣጭ ናቸው። አክስቴ እሱን እየሰማች የጠላት ባንዲራ የታተመበትን ጆንያ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። እህሉ ጦርነት አፈናቅሏቸው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሰፈሩት ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዷ፣ ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ የአክስቴ ወዳጅ ናት።

አንድ እሑድ የአክስቴ ልጅ ባል ከጦር ሰፈሩ ለእረፍት መጣ። የሚታጠብ ልብሱን ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ ነው ያመጣው። አክስቴ ልታወጣለት ጎንበስ ብላ እንደ ጀመረች እጇ ቆመ። የጆንያው ስፌት ወደ ግራ ያዘመመ ነበር።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከወጥ ቤታችን ነዋ፣ እማማ። እዚያ ሞልቷል፤ እህሉ ሲያልቅ እንተኛበታለን።» ሳቅ አለ። «ልጆቹ ሰካራም ስፌት ይሉታል። የእርስዎን እጅ ይመስላል ብዬ አላጋለጥኩዎትም።»

አክስቴ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሰፋች የመኪናዎቹን መንገድ ትከታተል ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ሸራ ለብሶ የሚወጣው የጭነት መኪና ወደ ትምህርት ቤቱ እንደማይታጠፍ አየች። ይህን ለአጣቢዋ ስትነግራት ሴትየዋ የያዘችውን ልብስ ለቀቀችው። ቀድሞ በነበረችበት መጠለያ እንዲህ ያለ ስርቆት ሲታወቅ ሰጪዎቹ አገሮች እህሉን ጨርሰው አቁመውት ነበር።

«ያኔ ወታደሩ አልተራበም፤ የተራብነው እኛ ነን» አለቻት። «ዝም በይ እህቴ፤ ዝም አይነቅዝም።»

«እህል መሃል ነው የኖርኩት» አለች አክስቴ፤ «የማይነቅዝ አላየሁም።»

ቢሆንም ለማንም አልተናገረችም። ኃላፊውን ብቻ የሐሙሱ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ወደ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ሌላ ወዴት ይሄዳል ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። በሁለተኛው ቀን ፈገግ እያለ መጣ።

«እታለም፣ ሰጪዎቹ ሊጎበኙን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀኝሽ ስፊ።»

ስለ ስፌት ትንፍሽ አላለችም ነበር። ሰካራሙ ስፌት ከእሱም ጆሮ ደርሷል ማለት ነው።

ጎብኚዋ ከአስተርጓሚ ጋር መጣች። አስተርጓሚው ጠዋቱን ኃላፊው ቢሮ ሲሳሳቅ ነው የቆየው። እህሉ ለተፈናቃዮቹ በትክክል ይደርሳል ወይ ተብላ አክስቴ ተጠየቀች። አክስቴ አስተርጓሚውን አየች፣ ኃላፊውን አየች፣ የአጣቢዋን ሦስት ልጆች አሰበች።

«ለሚደርሰው ይደርሳል» አለች።

አስተርጓሚው ከመልሷ አምስት እጥፍ የሚረዝም ነገር ተናገረ፤ ጎብኚዋም ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። ከዚያ ስትሰፋ ማየት እንደምትፈልግ አስነገረቻት። የኃላፊው ዓይን መርፌው ላይ ተተከለ። አክስቴ መርፌውን በቀኝ እጇ አነሳችው፤ ጥቂት ያዘችውና ወደ ግራዋ አሻገረችው። ከዳር እስከ ዳር ሳትቸኩል ሰፋች። ጎብኚዋ ፎቶ አንስታት ሄደች።

በማግሥቱ ሳጥኑ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች። አጣቢዋ አሁንም ተሰልፋ እህሏን ትቀበላለች፤ አክስቴም አብራት ልብስ ታጥባለች።

ባለፈው ወር አማቿ እንደ ልማዱ ልብሱን በጆንያ ይዞ መጣ።

«ሰፊ ቀይረዋል መሰለኝ፣ እማማ» አለ። «የአሁኖቹ ስፌቶች ስካራቸው በርዶላቸዋል።»

አክስቴ ልብሱን አወጣችና ጆንያውን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«አላጠበቀችውም» አለች፤ «ያፈሳል።»