በግድግዳ ስቱኮ የደፈንኩት ታንኳ

በ2015 ዓ.ም. በጋ፣ ጥር ማለቂያ ላይ ነው። ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ልጄ ምጥ ጠንቶባት ሁለት ቀን ስትጨነቅ ተሳልኩ። በሰላም ከተገላገለች፣ በየዓመቱ ለምንሳለመው የሐይቅ ደሴት ገዳም የመሻገሪያ ታንኳ ላገባ። አባቶች የሚሻገሩት ዓሣ አጥማጆችን እየለመኑ ነበር። ልጄ ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ ግን አዲስ ታንኳ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም።

ወንድሜ ቢሾፍቱ አንድ መዝናኛ ውስጥ ጥበቃ ነው። እዚያ ከአጥር ሥር የተጣለ አሮጌ የፋይበር ታንኳ አይቶ፣ አስፈቅዶ ላከልኝ። ቀለሙ ተላልጧል፤ ሆዱ ላይ ክንዴን የሚያህል ስንጥቅ አለው።

ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ጀርባ፣ የተሰበረ ፓራውርቲ፣ የመኪና መከላከያ፣ በፋይበር የሚጠግን ከድር የሚባል የስልጤ ሰው አለ። ታንኳውን ሲያይ ሳቀ።

"እናቴ፣ ጎማ የሌለው መኪና ሲመጣልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።"

ለገዳም መሆኑን ስነግረው ሳቁን ትቶ፣ የእጁን ዋጋ እንደማይቀበል፣ ዕቃውን ብቻ እንድችል ነገረኝ።

የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ። የፋይበር ጨርቁን በማጣበቂያ እየነከረ በውስጥም በውጭም ደራረበበት። ስንጥቁን ግማሽ ያህል እንደደፈነ ማጣበቂያው አለቀ። ከገበያም ጠፍቶ ነበር። አንድ ሳምንት እንድታገሥ ጠየቀኝ።

የገዳሙ ክብረ በዓል ግን እሑድ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች መኪና ተከራይተዋል። ስለቴን በበዓሉ ዕለት እንደማገባ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። የቀረውን በስቱኮ ሞልቶ እንዲቀባልኝ ለመንኩት። እምቢ አለ።

"መኪና ላይ ስቱኮ ቢለቅ መልክ ነው የሚበላሸው። ይሄ ሰው ይጭናል።"

ስለቱን የተቀበለ ይጠብቀዋል አልኩት።

"እናቴ፣ ውሃው ስለት መሆኑን አያውቅም።"

ተቆጣሁ። ስለ እምነቴ ምን አገባው ብዬ በልቤ አሰብኩ። ታንኳውን በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤቴ ወሰድኩ።

ቤታችን ሲቀባ የተረፈ የግድግዳ ስቱኮ ነበረኝ። በእሱ ደፈንኩት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ የግቢያችንን በር በቀባንበት ሰማያዊ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ስንጥቁ የት እንደነበር ለእኔም ጠፋኝ። የገዛ እጄን አደነቅሁ።

እሑድ ታንኳውን በተከራየነው መኪና ጭነን ሐይቁ ዳር ደረስን። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ታንኳው በዕልልታ ውሃ ላይ ወረደ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ የመገበሪያውን ስንዴ ይዘው ተሳፈሩ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይቀዝፍላቸዋል።

ብዙም ሳይርቁ ቀዛፊው መቅዘፉን ትቶ በእጁ ውሃ ይጨልፍ ጀመር። ዕልልታው ቆመ። ታንኳው ወደ አንድ ጎኑ ሲያዘነብል ስንዴው ሰመጠ፤ አባም እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጧቸው። ታንኳውንም ጎትተው መለሱት።

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላት ወይዘሮ አልማዝ፣ ማን እንደጠገነው ጠየቀችኝ። ከድር አልኳት።

"ድሮስ የገዳም ዕቃ ይዘሽ እሱ ዘንድ ምን ወሰደሽ? ሆን ብሎ ነው።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነኝ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም።

አባ በሰው ጋቢ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ፣ እግዚአብሔር ሐሳቤን እንደተቀበለ ነገሩኝ። በመስቀላቸውም ባረኩኝ። ያን ቡራኬ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ታንኳው ዛሬ በትክክል ተጠግኖ አባቶችን ያሻግራል። አባ ለበዓል ሐይቁ ዳር ባገኙኝ ቁጥር ያመሰግኑኛል። ያኔ የሚታየኝ የሰመጠው ስንዴ አይደለም፤ የዘጋሁት አፌ ነው። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝንም ቀኖና ፈጽሜአለሁ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ሄዷል። በከድር ደጅ ሲያልፉ ፊታቸውን የሚያዞሩ የማኅበራችን ሰዎች ዛሬም አሉ። እሱ ግን ሲያየኝ ተነሥቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ያኔ፣ በበዓሉ ማግሥት ሰኞ ጠዋት፣ ለወይዘሮ አልማዝ ደውዬ ስቱኮውን የሞላሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት። አሁንማ ምን ያደርጋል፣ ተይው አለችኝ። ከሐይቁ በተከራየነው መኪና የመለስነውን ታንኳ እንደገና በጋሪ አስጭኜ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ገና የቆርቆሮ በሩን እየከፈተ ነበር። ያደረግሁትን፣ አባ ውሃ ውስጥ መግባታቸውን፣ ስለ እሱ የተባለውን፣ እኔም ዝም ማለቴን ነገርኩት።

ወደ ታንኳው ጎንበስ አለ። ሰማያዊውን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ስቱኮው እንደ ሊጥ ከእጁ ጋር መጣ።

"አባ ደህና ናቸው?" አለኝ።

ደህና መሆናቸውን ነገርኩት። ብርጭቆ ወረቀት አቀበለኝ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቀለሜን መፋቅ ጀመርኩ።